«እማማ፣ ድምፅዎ አይሰማም»

ባለፈው ሰሞን «የማዕከላችን ኢንተርኔት ተስተካከለ» ብዬ ሁለት መስመር ከጻፍኩ በኋላ ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር «ምን አድርጋችሁ ነው? የእኛም እንደዛው ነው» እያላችሁ ጠይቃችሁኛል። ከካምፓላም፣ ከካኩማም፣ ከካርቱም ሸሽታችሁ ጁባ ከገባችሁትም። ለእያንዳንዳችሁ መመለስ ስላቃተኝ እዚሁ ልጽፈው። ረጅም ነው፤ ቡናው እስኪፈላ አንብቡት።

ነገሩ የተጀመረው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ኢስሊ ባለችው ማዕከላችን፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ አንዲት እናታችን ኢንተርቪው ነበራቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ ሁላችንም «እማማ» ነው የምንላቸው። ናይሮቢ ከገቡ ሰባት ዓመታቸው ነው። አውሮፓ ካለች ልጃቸው ጋር ለመገናኘት በተከፈተው ፋይል ላይ ገና አሁን ጠበቃ ተመድቦላቸዋል። ጠበቃዋም አስተርጓሚዋም ያሉት ሌላ አገር ስለሆነ ጥያቄው በቪዲዮ ነው። ቀጠሮው ጠዋት 4 ሰዓት። (እዚህ አገር በሰዓት የማንቸገረው ስዋሂሊም እንደ እኛ ከንጋት ጀምሮ ስለሚቆጥር ነው። ከስደት ጥቂት ምቾቶች አንዱ ይኸው ነው።) እማማ ግን 2 ሰዓት ሳይሞላ ደርሰው ነበር። ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ወረቀቶቻቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ካሜራ ፊት ሳይሆን ዳኛ ፊት እንደሚቆም ሰው ሆነው ተቀመጡ።

4 ሰዓት ሲሆን የላኩልንን ሊንክ ነካሁት። ገጹ ወዲያው ተከፈተ። የእማማ ስም ታየ፣ የጠበቃዋ ስም ታየ፣ የአስተርጓሚዋም ታየ። ምስሉ ብቻ የለም። ሦስት ጥቁር ሳጥኖች። እማማ «ጤና ይስጥልኝ» አሉ። ዝምታ። ደግመው አሉ። ከዚያ በጎን ባለው የጽሑፍ መልእክት ሳጥን ውስጥ አስተርጓሚዋ በአማርኛ እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «እማማ፣ ድምፅዎ አይሰማም።»

ጽሑፉ ደርሷል፤ ድምፁ አልደረሰም። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ። ማይክራፎኑን ነቀልኩ ሰካሁ፣ ገጹን ዘግቼ ከፈትኩ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። በመጨረሻ የራሴን ስልክ ዳታ አካፍዬ ላፕቶፑን በዚያ ሳገናኘው ሰዎቹ ብቅ አሉ! ጠበቃዋ ፈገግ ብላ እጇን አውለበለበች። አራት ደቂቃ ሳይሞላ የስልኬ ዳታ አለቀ። ሮጬ ወርጄ ካርድ ገዝቼ ስመለስ የተመደበልን ሰዓት አልፎ ነበር። በማግስቱ የመጣው ኢሜይል «አመልካቿን ማግኘት ስላልተቻለ» ቀጠሮው ከሦስት ሳምንት በኋላ ተዛውሯል ይላል።

እማማ ወረቀታቸውን ወደ ፌስታሉ እየመለሱ «ልጄ፣ እኔ ነኝ ያልሆነ ነገር የነካሁት?» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔ አዲስ አበባ እያለሁ አራት ዓመት ኔትዎርክ ስዘረጋና ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። ስደት ሙያን ያስረሳል እንዴ? ማዕከሉ ውስጥ «ኔትወርኩ ደካማ ነው» ሲባል እኔም ከሁሉ ጋር አብሬ ራሴን እየነቀነቅኩ ነው የኖርኩት። እንዲያውም ከዚያ በፊት ከየኪሳችን አዋጥተን የኢንተርኔቱን ፍጥነት በእጥፍ አሳድገን ነበር። ቀን ልብስ እያጠቡ፣ ማታ እንጀራ እየሸጡ የሚያድሩ እህቶች ያዋጡት ገንዘብ ነው። ያኔ እጄን አውጥቼ ከደገፉት አንዱ ነኝ። ፍጥነቱ ጨመረ፤ ጥሪው ግን እንደዛው «በመገናኘት ላይ» እያለ ይሽከረከር ነበር። መንገዱ የተዘጋ ከሆነ መኪናው ቢፈጥን ምን ያደርጋል!

እስቲ ነገሩን ልዘርዝረው። ኢስሊ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ እዚህ ያሉት የገበያ ሕንፃዎች በአንድ በር ተገብቶ ውስጣቸው በመቶ የሚቆጠር ሱቅ ነው። የሕንፃውን ስም ብቻ ብነግራችሁ ዕቃዬን አታገኙትም፤ የሱቅ ቁጥርም ያስፈልጋችኋል። ኢንተርኔት ላይም እንደዚሁ ነው። እያንዳንዱ ኮምፒውተር አድራሻ አለው፣ በአድራሻው ውስጥ ደግሞ ከ0 እስከ 65535 የተቆጠሩ በሮች አሉት። እነዚህ ናቸው «ፖርት» የሚባሉት። በአማርኛ ወደብ ልላቸው ነበር፣ ግን እኛ ዘንድ ወደብ የሚል ቃል ከተነሳ ኮሜንቱ ቀይ ባሕር ደርሶ እንደሚመለስ ስለማውቅ ይቅርብኝ። ድረ ገጽ የሚከፈተው በ443 ነው፤ የድሮው ያልተመሰጠረው በ80። የድረ ገጽን ስም ወደ አድራሻ የሚቀይረው አገልግሎት በ53።

ፋየርዎል ማለት ደግሞ በሕንፃው በር ላይ ዝርዝር ይዞ የቆመ ዘበኛ ነው። የእኛ ዘበኛ ዝርዝር ላይ ሦስት ቁጥሮች ብቻ ነበሩ፦ 80፣ 443 እና 53። ሌላው ሁሉ ክልክል ነው። ክልክል የሚልበት መንገድም አለው። አንዳንዱ ዘበኛ «አይቻልም፣ ተመለስ» ይላል፣ ሰውየውም ሌላ መንገድ ይፈልጋል። የእኛው ግን ዝም ብሎ የሚያይ ዓይነት ነው። የተላከውን ይውጠዋል፣ መልስ አይሰጥም። ለዚህ ነው ፕሮግራሙ «ተከልክለሃል» ሳይለን መጠበቅ፣ መጠበቅ፣ መጠበቅ ብቻ የሆነው። እኛም «ደካማ ኔትወርክ» አልነው።

አሁን ወደ አስተርጓሚዋ ጽሑፍ ልመለስ። ጽሑፍ ለምን ደረሰ? በ443 በኩል እንደ ማንኛውም ድረ ገጽ ስላለፈ። ድምፅና ምስል ግን ሌላ ባሕርይ አላቸው። ጽሑፍና ፋይል የሚጓዙበት ቲሲፒ የሚባለው ስልት አደራ ደብዳቤ ነው፤ እያንዳንዷ ቁራጭ ስትደርስ «ተቀብያለሁ» ይባላል፣ የጠፋችዋ እንደገና ትላካለች። ዩዲፒ የሚባለው ደግሞ አገር ቤት ከተራራ ወደ ተራራ እንደሚጣሩ ሰዎች ነው። ትጮኻለህ፣ ነፋስ አንድ ቃል ቢወስድብህ ለእሱ ብለህ አትቆምም፣ ትቀጥላለህ። ለድምፅ የሚሻለው ይኼ ነው፣ ምክንያቱም ከሦስት ሰከንድ በኋላ የምትደርስ «አዎ» የሌላ ጥያቄ መልስ ሆና ታርፋለች። በስደተኛ ኢንተርቪው ላይ ደግሞ የተሳሳተ ቦታ ላይ የወደቀች «አዎ» ምን እንደምታመጣ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ጠበቃዎቹ የሚጠቀሙት ጂትሲ የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር በራሳቸው ሰርቨር ላይ ጭነው ነው። ይህ ሶፍትዌር ድምፅና ምስልን እንደ ወትሮው በዩዲፒ 10000 በኩል ነው የሚያሳልፈው። ሌሎቹም የየራሳቸው አላቸው። ዙም ከ8801 እስከ 8810፣ የጉግል ሚት ከ19302 እስከ 19309፣ የማይክሮሶፍት ቲምስ ከ3478 እስከ 3481፤ ሁሉም ዩዲፒ። ብዙዎቹ እነዚህ ሲዘጉባቸው በ443 ሾልከው ለማለፍ ይሞክራሉ፤ ድምፁ ቢቆራረጥም ይሰማል። በራስ ሰርቨር ላይ የተጫነ ሲሆን ግን ያንን ተለዋጭ መንገድ የሚያዘጋጀው ባለቤቱ ነው። የእነዚያ ጠበቆች ሰርቨር ላይ አልተዘጋጀም ነበር። ስለዚህ በእኛ በኩል በሩ ተዘግቷል፣ በእነሱ በኩል የጓሮ በር የለም። እማማ መሀል ላይ ቆሙ።

«ቪፒኤን ለምን አልተጠቀምክም?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኛ አበሾች ፖርት የሚባል ነገር ከማወቃችን በፊት ቪፒኤን አውቀናል። በ2020 ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ጥርቅም ብሎ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲዘጋ ቪፒኤንም ዋጋ አልነበረውም፤ በ2023 ፌስቡክና ቴሌግራም ለወራት ሲታገዱ ግን ሕፃን ሽማግሌው ጫነው። እኔም ሞክሬዋለሁ። አብዛኞቹ ራሳቸው በዩዲፒ ስለሚሄዱ (ዋየርጋርድ በ51820፣ ኦፕንቪፒኤን በ1194) የእኛን ዘበኛ አላለፉም። በ443 የሚያልፍ አንድ ነፃ ቪፒኤን አገኘሁ፣ ድምፁም መጣ። ግን ቁጭ ብዬ አሰብኩት። የእማማ ሙሉ ታሪክ፣ ማን እንዳሳደዳቸው፣ ልጃቸው የት እንዳለች፣ ባለቤቱ በማይታወቅ መስመር ውስጥ ሊያልፍ ነው። በዚያ ላይ የማዕከሉን ዘበኛ ጀርባውን አዙሮ እያለ መዝለል ነው። ሰረዝኩት።

የቀረው ባለቤቱን መጠየቅ ነው። ፋየርዎሉን ኮምፒውተሮቹን የሰጠን ድርጅት ቴክኒሻን ከሩቅ ሆኖ ነው የሚያስተዳድረው። «እባክዎ ፖርት ይክፈቱልን» ብዬ ጻፍኩለት። መልሱ አንድ መስመር ነበር፦ «ለደህንነት ሲባል ፖርት አንከፍትም።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደሜ ፈላ። «ስደተኛ ስለሆንን ነው፣ የራሱ ቢሮ ቢሆን ኖሮ ያደርገው ነበር» ብዬ ለዚህ ገጽ ረጅም ጽሑፍ ጽፌ ነበር። ከመለጠፌ በፊት ማዕከሉን ከድሮ ጀምሮ የሚያውቅ ወንድማችን አረጋጋኝና አንድ ታሪክ ነገረኝ። እኔ ሳልመጣ በፊት አንድ በጎ ፈቃደኛ ከቤቱ ሆኖ ኮምፒውተሮቹን ለመጠገን እንዲያመቸው 3389ን፣ ማለትም የዊንዶውስ የርቀት መቆጣጠሪያ በርን፣ ለዓለም ሁሉ ከፍቶ ትቶት ነበር። አንድ ጠዋት ሲመጡ ፋይሉ ሁሉ ተቆልፎ «ክፈሉ» የሚል ጽሑፍ ብቻ ስክሪኑ ላይ ተቀምጧል። ስካን የተደረጉ የልደት ወረቀቶች፣ የማንዴት ደብዳቤዎች፣ የሕክምና ማስረጃዎች አልተመለሱም። ቴክኒሻኑ ያንን ያጸዳው ሰው ነው። ለካ ሰውየው የፈራው እኛን አይደለም። ጽሑፉን አጠፋሁት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፣ ቴክኒሻኖችም ጭምር። «ፖርት ክፈት» ሲባል ሁለት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል። አንዱ ከውጭ የሚመጣ ሰው አንኳኩቶ እንዲገባ በር መክፈት ነው፤ 3389ን ያደረጉት ይህንን ነው። ሌላው ግን ከውስጥ ያለ ሰው ወጥቶ ወደዚያኛው ሕንፃ 10000 ቁጥር ሱቅ እንዲሄድ መፍቀድ ነው። እኛ የምንፈልገው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ደህና ዘበኛ ማን እንደወጣ መዝግቦ ይይዛል፤ የወጣው ሰው የጠራው መልስ ሲመጣ ያስገባዋል፣ ያልተጠራ እንግዳ ግን እንደተከለከለ ይቀራል። ለጥሪ ከውጭ ወደ ውስጥ ምንም መክፈት አያስፈልግም። እኔ በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ይህንን ሳልለይ «ፖርት ክፈቱ» ብዬ መጻፌ ነው ሰውየውን ያስበረገገው።

ሁለተኛውን ደብዳቤ ለመጻፍ ሁለት ቀን ወሰደብኝ። መጀመሪያ ማስረጃ ሰበሰብኩ። ያው ላፕቶፕ በስልክ ዳታ ይሠራል፣ በማዕከሉ መስመር አይሠራም፤ ስለዚህ ጥፋቱ የላፕቶፑ አይደለም። በብራውዘሩ ውስጥ የጥሪውን ሂደት የሚያሳየውን ገጽ ከፍቼ ድምፁ በየት ለመውጣት እንደሞከረና የት እንደቀረ ፎቶ አነሳሁ። (ለሙያው ሰዎች፦ ዩዲፒን እንደ ቲሲፒ «ክፍት ነው ወይ» ብላችሁ በማንኳኳት አትመኑ። መልስ ካልመጣ ክፍት ይሁን የተዋጠ አይለይም። በእውነተኛ ጥሪ ነው መሞከር።) ከዚያ ልመናዬን አጠበብኩት፦ ከሁለት ኮምፒውተሮች ብቻ፤ ወደ ውጭ ብቻ፤ ዩዲፒ ብቻ፤ በ10000 ወደዚያ የጠበቆች ሰርቨር አድራሻ ብቻ፤ በሌሎቹ የስብሰባ ፕሮግራሞች ቁጥሮችም በዚያው ልክ። ወደ ውስጥ ምንም። ለጠበቆቹም ለብቻ ጻፍኩላቸው፣ በ443 የሚያልፍ ተለዋጭ መንገድ እንዲያዘጋጁ፣ አለዚያ በየአገሩ በዘበኛ ጀርባ ያለ ስደተኛ ሁሉ እንደ እማማ ጥቁር ሳጥን ፊት እንደሚቀመጥ።

መልሱን ስጠብቅ አንድ የማውቀው ታሪክ ትዝ አለኝ። በ1995 ታቱ ዩሎነን የሚባል ፊንላንዳዊ ኤስኤስኤች የሚባለውን ሶፍትዌር ሠርቶ የፖርት ቁጥሮችን ለሚመድቡት ሰዎች ትሁት ኢሜይል ላከ፣ 22 ቁጥር ይሰጠኝ ብሎ። በማግስቱ ተሰጠው፤ እስከ ዛሬ መላው ዓለም በዚያች በር ይገባል ይወጣል። እኔ ለአንዲት እናት ዘጠኝ ቀን ጠበቅኩ።

በዘጠነኛው ቀን ቴክኒሻኑ ራሱ ደወለ። ድምፁ የደከመ ሰው ድምፅ ነው። «እንደዚህ አድርጎ የጻፈልኝ የለም» አለኝና በስልክ ላይ እያለን አስገባው። እማማን ሳልጠራ ከጠበቆቹ ቢሮ ጋር ሙከራ አደረግን፦ ምስል መጣ፣ ድምፅ መጣ። ጨረስን ብዬ እንጀራዬን በሰላም በላሁ።

ከቀጠሮው ሦስት ቀን በፊት ግን ያ ጥቁር ሳጥን ተመልሶ መጣ። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር። (የናይሮቢ መብራትም አዲስ አበባን እንዳልናፍቅ ያግዘኛል።) ራውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ለኮምፒውተሮቹ አዲስ የውስጥ አድራሻ አድሏል፤ ቴክኒሻኑ የፈቀደው ደግሞ ለድሮው አድራሻ ነው። ዘበኛው ሰውየውን በስሙ ሳይሆን በለበሰው ኮት ነበር የሚያውቀው! ሁለቱ ኮምፒውተሮች ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አድራሻ እንዲያገኙ በራውተሩ ላይ አስያዝን፣ መብራቱን ራሳችን አጥፍተን አብርተን ሞከርን፣ ያዘ።

በቀጠሮው ቀን እማማ ያንኑ ነጠላ ለብሰው መጡ። ሊንኩን ነካሁት። አስተርጓሚዋ በምስል ብቅ ብላ «እማማ፣ ይሰማዎታል?» ስትል እማማ በድሮ ስልክ አገር ቤት እንደሚደውል ሰው በሙሉ ጉልበታቸው «አዎን ልጄ! እሰማሻለሁ!» ብለው ጮኹ፣ ከታች ያለው ባለ ሱቅ ሁሉ ሰማ። እኔ በሩን ዘግቼ ወጣሁ። የሚናገሩት የእሳቸውና የጠበቃቸው ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፣ በአንድ እጄ ዳታ የሞላሁትን ስልክ ለክፉ ቀን ይዤ። ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ ምንም አልጠየቅኳቸውም። ውሳኔው ገና ነው፤ ሲመጣ ፈቃዳቸውን ጠይቄ እነግራችኋለሁ።

እናንተ ኢንተርቪው ያላችሁ፣ ቢያንስ ከሳምንት በፊት በዚያው ቦታ፣ በዚያው ኮምፒውተር ሙከራ ይደረግልኝ በሉ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። ጽሑፍ እያለፈ ድምፅና ምስል ከቀረ «ኔትወርኩ ደካማ ነው» የሚላችሁን አትመኑ፣ ከላይ የጻፍኳቸውን ቁጥሮች አሳዩት። ዳታ የሞላ ስልክ ይኑራችሁ። በመደበኛ ስልክ የሚደወልበት ቁጥር ካላቸው አስቀድማችሁ ተቀበሉ። ይህ ሁሉ ሆኖ ካልተሳካ ደግሞ የስክሪኑን ፎቶ ሰዓቱ እየታየ አንሱና በዚያችው ሰዓት ለቢሮው ላኩ። «አልቀረበችም» ተብሎ ፋይል ላይ ከሚጻፍ «መስመሩ አልሠራም» ተብሎ ቢጻፍ ይሻላል። እኔ ለእማማ ይህንን አላደረግኩም ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምርና ላብቃ። እማማ ያቺን ቁጥር ወደዋታል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ለሚያገኙት ሰው ሁሉ «ኢንተርቪው ካለሽ አስር ሺውን አስከፍቺ፣ ያለ አስር ሺ አይሆንም» እያሉ ይመክራሉ። ትናንት አንዲት እህት እየተንቀጠቀጠች መጥታ «ወንድሜ፣ ለኢንተርቪው አስር ሺ ሽልንግ ይከፈላል አሉ፣ እኔ ከየት አመጣለሁ?» አለችኝ። እናም በግልጽ ልጻፈው፦ 10000 የበር ቁጥር እንጂ ገንዘብ አይደለም። ኢንተርቪውም ሙከራውም በነፃ ነው። በእኔም ሆነ በማዕከሉ ስም ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ካለ አትክፈሉ፤ የተጻጻፋችሁትን ፎቶ አንስታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ።